ክንዴን የሚሸከመው ጀርባ

በዚያ ክረምት ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ሁለት ወር ቀርቶኝ ነበር። የከተማችን የባሌት ቡድን ውስጥ ከገባሁ ገና አምስት ወር ሲሆነኝ፣ ሥራዬ በአብዛኛው መቆም ነበር። ባሌት ሲባል ሰው ትዝ የሚለው ዝላይና ሽክርክሪት ነው። እኔን ያሸነፈኝ ግን ዝላይ አልነበረም፤ መቆም ነው ያሸነፈኝ።

የምናዘጋጀው ባሌት ባሕር ባሎቻቸውን ስለወሰደባቸው ሴቶች የሚተርክ ነው። በሁለተኛው ክፍል አሥራ ስምንት ሴቶች ግራጫ ቀሚስ ለብሰን በመድረኩ ግራና ቀኝ እንሰለፋለን። ሁለቱ ዋና ዳንሰኞች መሀል ላይ ሲገናኙና ሲለያዩ፣ እኛ ከውሃው ላይ አንድ ነገር እንደሚቀበል ሰው ክንዶቻችንን ወደ ፊት ዘርግተን አራት ደቂቃ ሙሉ ንቅንቅ ሳንል እንቆያለን። አራት ደቂቃ ሲወራ አጭር ነው። ቆማችሁ ሞክሩት። በመጀመሪያው ደቂቃ ክንድ ላባ ነው። በሁለተኛው የረጠበ ብርድ ልብስ ይሆናል። በሦስተኛው ትከሻዬ ሳላዘው ወደ ጆሮዬ ይወጣል፣ አንገቴ ያጥራል፣ ጣቶቼ ይንቀጠቀጣሉ። አራተኛው ደቂቃ ላይ ስለሚደርሰው ነገር ባልናገር ይሻላል።

ልምምድ የምታሠራን ሄድቪግ ትባላለች፤ ቀጭን፣ ስትቆጣ እንኳ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ሴት። አንድ ቀን ሙዚቃውን አስቆመችና ፊቴ መጥታ ቆመች።

«ዲሳ፣ ባልሽን እየተቀበልሽ ነው ወይስ አውቶቡስ እያስቆምሽ?»

ልጆቹ ሳቁ። ከጎኔ የምትሰለፈው ቲንድራ ብቻ አልሳቀችም፤ የሷም ክንድ ከኔ የተሻለ አልነበረም።

«ይቅርታ» አልኩ።

«ይቅርታ ክንድ አያነሳም። ሦስት ሳምንት አለሽ። ካልሆነ በቦታሽ ሌላ ሰው አቆማለሁ፤ አንቺ በመጀመሪያው ክፍል ብቻ ትወጫለሽ።»

እኔም የመሰለኝን አደረግሁ። ብረት ማንሳት ጀመርኩ። ከልምምድ በኋላ ሰፈራችን ወዳለው ጂም እየሄድኩ፣ አንገታቸውና ጭንቅላታቸው እኩል ከሆነ ጎረምሶች ጋር ተሰልፌ አነሳሁ፣ ገፋሁ፣ ሳብኩ። በሳምንቱ ክንዴ ጠነከረ፤ የጠነከረው ግን እንደ ደረቀ ገመድ ነው። ማጅራቴ ተቆላለፈ። ጠዋት ፀጉሬን ላበጥር እጄን ሳነሳ ያስቃስተኛል። ሄድቪግ በልምምድ ላይ አንድ ጊዜ ዞረችኝ።

«ባለፈው አውቶቡስ ነበር የምታስቆሚው» አለች። «አሁን ደግሞ ሰውየው ከባሕር ሲወጣ ልትደበድቢው የቆምሽ ነው የምትመስዪው።»

ከዚያ ጠጋ ብላ «ሐሙስ እትዬ ራንሂልድ ጋ ሂጂ። እኔን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው» አለችኝና አድራሻውን መዳፌ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈችልኝ።

አድራሻው የወሰደኝ ወደቡ አጠገብ ወዳለው የሰበካ አዳራሽ ነው። ያን ሐሙስ ከተማው በጉም ተውጦ ነበር። ወንዙ የለም፣ ድልድዩ የለም፣ ከሩቅ የመርከብ ጡሩምባ ብቻ ረጅም ድምፅ እያወጣ ይጣራል። በሩን ገፋ አድርጌ ስገባ አሥራ አንድ አረጋውያን በክብ በተደረደሩ የእንጨት ወንበሮች ላይ ተቀምጠዋል። በየትከሻቸው ላይ ትንንሽ የጨርቅ ከረጢት አለ። ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ማንም አያወራም። አብረው እንቅልፍ ወስዷቸው አንድ ሕልም የሚያዩ ነበር የሚመስለው፤ እኔም እንዳልቀሰቅሳቸው በእግር ጣቴ ቆምኩ።

«ጫማሽን አውልቂና ተቀመጪ» አለኝ አንድ ድምፅ።

እትዬ ራንሂልድ ነበሩ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ እዚያ አዳራሽ ለአረጋውያን ባሌት ያስተምራሉ፤ ዳሌያቸውን ስለሚያማቸው በከዘራ ነው የሚሄዱት። አንገታቸው ግን ከሹራባቸው ውስጥ ረዘም ብሎ ሲወጣ፣ ከዘራውን ለጌጥ የያዙት ይመስላል።

«ሄድቪግ ናት የላከችኝ…»

«አውቃለሁ፣ ደውላለች። ዓይንሽን ጨፍኚ።»

በሁለቱም ትከሻዬ ላይ ከረጢት አስቀመጡብኝ። ውስጡ ደረቅ አተር ነው። «በይ አሁን ክንድሽን አንሺ። አተሩ እንዳይወድቅ።»

አነሳሁ። ሁለቱም ወዲያው ወደቁ።

ከጎኔ የተቀመጡ ሽማግሌ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ሁለት» አሉ።

«ጋሽ ሲክስተን፣ አይቁጠሩባት እንጂ» አሉ እትዬ ራንሂልድ።

«እኔ መች ቆጠርኩ፤ ጆሮዬ ነው።»

«እሱን አትስሚው» አሉኝ ከወዲያ በኩል አንዲት ደልደል ያሉ ሴት። የጋሽ ሲክስተን ባለቤት እትዬ ጉንቮር ናቸው። «የሱ አተር ወለሉን ሲመታ፣ ሰው አንኳኳ ብለን ስንት ጊዜ በር ከፈትን።»

«በር የምትከፍቺው አንቺ ነሽ፤ ከሥራ ለማምለጥ።»

«ዝም ብላችሁ ተንፍሱ» አሉ እትዬ ራንሂልድ፤ ሁሉም ዝም ብለው ተነፈሱ።

አዳራሹ ውስጥ መስታወት የለም። ይህ መጀመሪያ ላይ አስፈራኝ። ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ መስታወት ፊት ነው ያደግሁት፤ ክንዴ የት እንዳለ ሳላይ አላውቅም ነበር። እትዬ ራንሂልድ ከኋላዬ መጥተው ሁለት እጃቸውን ከትከሻዬ በታች፣ እነዚያ ሁለት ሰፋፊ አጥንቶች ላይ አሳረፉ። እጃቸው ይሞቃል።

«እዚህ ተንፍሺ» አሉኝ። «በጀርባሽ ተንፍሺ። እነዚህ አጥንቶች ወደ ታች ይንሸራተቱ፣ ወደ ጎንም ይስፉ። ክንድሽን ገና አታንሺ። ክንድ የሚነሳው መጨረሻ ላይ ነው።»

ሃያ ደቂቃ ሙሉ ክንዴን ሳላነሳ ክንድ የማንሳት ሥራ ሠራሁ። ከዚያ በሆዳችን ምንጣፍ ላይ ተኛን፤ ግንባራችንን መሬት አስነክተን፣ ክንዶቻችንን ዘርግተን፣ ከወለሉ ወረቀት ብቻ የሚያሳልፍ ያህል አነሳናቸው፣ መለስናቸው። ቀጥሎ ጀርባችንን ግድግዳ አስደግፈን ክንዶቻችንን በግድግዳው ላይ እያንሸራተትን ወደ ላይ፣ እያንሸራተትን ወደ ታች። በመጨረሻ ሰፊ ላስቲክ በሁለት እጃችን ይዘን በቀስታ ወደ ጎን ለጠጥነው፤ ሲመለስም እንዳያመልጠን ይዘን መለስነው። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ስምንት ጊዜ ብቻ። ፍጥነቱ ግን የጉም ፍጥነት ነበር። የሰማንያ ዓመት ሰዎች በጸጥታ የሚሠሩትን እኔ ስድስተኛው ላይ አቃተኝ።

ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርቱ በኋላ አዳራሹ ውስጥ የአተር ሾርባና ፓንኬክ ይቀርባል። ጋሽ ሲክስተን ሳህናቸውን ይዘው አጠገቤ ተቀመጡ። ትልልቅ እጆች አሏቸው። ሠላሳ አራት ዓመት በመርከብ መሥሪያው ውስጥ ክሬን ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ መሥሪያው ከተዘጋ ቆይቷል። ባሌት ውስጥ የገቡትም ሳያስቡት ነው። እትዬ ጉንቮርን ለመውሰድ እየመጡ ኮሪደር ላይ ሲጠብቁ፣ እትዬ ራንሂልድ ብርድ እንዳይመታቸው ገብተው እንዲቀመጡ ጋበዟቸው። የተቀመጡት ወንበር ደግሞ ክቡ ውስጥ ነበር።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ፣ «ምኑ ነው ያቃተሽ?»

«ክንዴ ይከብደኛል።»

«ክንድ ምን አላት፣ ይቺ ቀጫጫ ናት እንዴ የምትከብደው?» ክንዴን በሁለት ጣታቸው አንስተው ለቀቁት። ጠረጴዛው ላይ ዷ ብሎ ወደቀ። «የኔ ክሬን ስድሳ ቶን ያነሳ ነበር። በአፍንጫው የሚያነሳ ይመስልሻል? ከኋላው ነው። ኋላው ላይ ያለው ክብደት ሲወርድ ነው ፊቱ የሚነሳው። ፊት ፊቱን ካየሽ ጉድ ሆንሽ።»

«አንተ፣ ልጅቷ ትብላበት» አሉ እትዬ ጉንቮር። «ይሄ ሰውዬ ሰርጋችን ላይም ስለ ክሬን ነው ያወራው።»

«ኬኩን የተሸከሙት ልጆች አዘንብለውት ነበር እኮ! ዝም ልበል?»

ነገሩ ገባኝ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ፤ ግን አልገባኝም። ቃሉ ገብቶኛል፣ ጀርባዬ ግን አልሰማም። በሚቀጥለው ሐሙስም አተሩ ወደቀ፤ ጋሽ ሲክስተን ጮክ ብለው ባይቆጥሩም ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ሄድቪግ ከሰጠችኝ ጊዜ የቀረኝ ስምንት ቀን ነበር።

ያን ሐሙስ ወደ ቤት ልሄድ ጫማዬን ሳስር ጋሽ ሲክስተን መጡ። ከድሮዎቹ ክሬኖች አንዱ ለመታሰቢያ ወደቡ ላይ ቆሟል። ቅዳሜ ለሰው ክፍት ነው፤ የቀድሞ ሠራተኞች ዘመድ ይዘው መውጣት ይችላሉ። «ጉንቮር ከፍታ ትፈራለች» አሉኝ። «አንቺ ነይ።»

ቅዳሜም ጉም ነበር። ቀትር ላይ ክሬኑ ሥር ስንገናኝ ጫፉ አይታይም፤ ብረቱ ወደ ላይ ወጥቶ ወጥቶ ነጭ ነገር ውስጥ ይጠፋል። ጠባቧ አሳንሰር እየተንቀጠቀጠች ወሰደችን። በመስኮቷ ግራጫ፣ ከዚያ ነጭ፣ ከዚያም ዓይን የሚወጋ ነጭ አየሁ። በሩ ሲከፈት ፀሐይ ነበረች።

ከጉሙ በላይ ወጥተናል። ከተማው የለም። የተዘረጋ ጥጥ የመሰለ ሜዳ እስከ አድማስ ድረስ፤ ከመሀሉ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ጫፍና የድልድዩ ሁለት ምሰሶዎች ብቻ ብቅ ብለዋል። ድምፅ የለም። ጋሽ ሲክስተን ወደ ነጂው ክፍል ገቡና አሮጌው ወንበር ላይ ተቀመጡ። እጀታዎቹ ላይ እጃቸውን አሳረፉ። እጀታዎቹ ከሞተሩ ከተለያዩ ዓመታት ሆኗቸዋል፤ የሚያነሱት ነገር የለም። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ እኔ ከኋላቸው ቆምኩ።

ኮታቸውን አውልቀው ነበር። በቀጭኑ ሹራባቸው ውስጥ ጀርባቸው ይታየኛል። ዓይናቸውን መጨፈናቸውን በመስኮቱ ነጸብራቅ አየሁ። ከዚያ ተነፈሱ፤ ጀርባቸው በዝግታ ሰፋ። ሁለቱ ሰፋፊ አጥንቶች ማንም ሳይነካቸው ወደ ታች ተንሸራተቱ፣ ሁለት ጀልባዎች ከባሕር ዳር ተነስተው ወደ ውሃ እንደሚገቡ። ያ ከሆነ በኋላ፣ በጣም ቆይቶ፣ ክርናቸው ተነሳ። ትከሻቸው ከነበረበት አልተነቃነቀም። ክንዳቸው ወደ ፊት ሲዘረጋ፣ ያን ሁሉ ጉም ከነከተማው ሊያነሱ የሚችሉ መሰለኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ክንድ ከፊት ነው ያየሁት። ክንድ ከኋላ ሲነሳ ያየሁት ያን ቀን ነው።

«ምን ነበር ያነሱት?» አልኳቸው ሲጨርሱ።

«የመርከብ የፊት ክፍል» አሉ። «አርባ ሁለት ቶን። እንዲህ በጉም ነበር። ታች ያሉት ሰዎች አይታዩኝም፤ ድምፃቸውን በሬዲዮ እየሰማሁ ነው ያስቀመጥኩት። ወይኔ እሱን ቀን ብታዪ።» ኮታቸውን እያነሱ ደግሞ «ትንሽ ፈርቼ ነበር» አሉ።

«ትከሻዎ ወደ ጆሮዎ አልወጣም?»

ሳቁ። «ወጥቶ ቢሆን ኖሮ መርከቡ ዛሬም አንድ ሰው ጣሪያ ላይ ነበር።»

ከዚያ ቀን በኋላ ክንዴን ማሠራት ተውኩ። ጠዋት ጠዋት አልጋዬ ሥር በሆዴ ተኝቼ ወረቀት የሚያሳልፍ ያህል አነሳለሁ። ግድግዳዬን ተደግፌ እንሸራተታለሁ። ቡናዬ እስኪፈላ ወንበር ላይ ተቀምጬ በጀርባዬ እተነፍሳለሁ። ብረቱን ለጎረምሶቹ ተውኩላቸው። በሦስተኛው ሐሙስ አተሩ ከቀኝ ትከሻዬ ሲወድቅ ከግራው ቀረ። ከክቡ ውስጥ ማንም አላጨበጨበም፤ እትዬ ራንሂልድ «ቀኙ ሰነፍ ነው፤ ቦርሳ ተሸክሞ ነው ያደገው» ብለው አለፉ።

የሄድቪግ ቀጠሮ ደረሰ። ረድፉ ውስጥ ቆምኩ፣ ሙዚቃው ተጀመረ፣ አራት ደቂቃው አለፈ። አጠገቤ መጥታ አየችኝ፤ ከኋላዬ ዞረችና ቆየች። ምንም አላለችም። ወደ ቲንድራ አለፈችና የሷን ክርን አስተካከለች። ሄድቪግ ምንም ካላለች ቦታሽ ያንቺ ነው ማለት ነው።

አሁን የምነግራችሁ በሦስተኛው ትርኢት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ የሆነውን ነው። እኛ ቆመናል። በአራተኛው ደቂቃ መጨረሻ ላይ ባሕሩን የሚመስለው ትልቅ ሰማያዊ ጨርቅ ከላይ ወርዶ መድረኩን መሸፈን፣ ሰውየውን መውሰድ አለበት። ጨርቁ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ገመዱ ላይ የሆነ ቦታ ተይዟል። ከመድረኩ ጀርባ ሰዎች በሹክሹክታ ሲራገሙ ይሰማኛል። የኦርኬስትራው መሪ ቀና ብሎ ጨርቁን አየ፤ እጁን በአየር ላይ አዞረ፤ ሙዚቃው ወደ መጀመሪያው ተመለሰ። ሁለቱ ዳንሰኞችም የሞቱትን ሞት ትተው እንደገና መገናኘት ጀመሩ። እኛ ክንዳችን እንደተዘረጋ ነው።

አምስተኛው ደቂቃ ገባ። ከወዲያ ረድፍ አንድ እጅ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፣ ከዚያ ሌላ። ቲንድራ ትንፋሽዋ ተቆራረጠ። በዓይኔ ጥግ ትከሻዋ ሲወጣ ይታየኛል።

«አልቻልኩም» አለች ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ።

«ክንድሽን ተዪው» አልኳት። «አትያዢው። ከኋላ ተንፍሺ። ጀርባሽ ይውረድ።»

«ምን?»

«አጥንቶቹን ወደ ታች ልቀቂያቸው። ክርንሽ እነሱ ላይ ይንጠልጠል።»

ስትተነፍስ ሰማኋት። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። እኔም አብሬያት ተነፈስኩ፤ ከዚያ ቆጠራው ጠፋኝ። የመድረኩ ሰማያዊ ጭስ እስከ ጉልበታችን መጥቶ ነበር። ወለሉ አይታየኝም። ክንዴ የት እንዳለ ማወቄን ሳልተው፣ የኔ መሆኑን ግን ረሳሁ፤ እዚያ ፊት ለፊቴ በጭሱ ላይ ተዘርግቶ ነበር፣ ሌላ ሰው ያስቀመጠው ነገር ይመስል። ጀርባዬ ሰፊ ነበር። እንዲያ ሰፊ ሆኖ አያውቅም። ሰዓት ቢጠይቁኝ ግማሽ ቀን ነው የምል ይመስለኛል፤ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሰው በእንቅልፍና በንቃት መሀል ሲሆን እንደሚሰማው ዓይነት ደስታ። ባሕሩ በመጨረሻ ሲወርድ፣ ቀዝቃዛው ጨርቅ ፊቴን ነክቶኝ አለፈ፤ ያኔ ብቻ መድረክ ላይ መሆኔ ትዝ አለኝ።

ስምንት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ። የለካችው ሄድቪግ ናት። ከመጋረጃው ጀርባ ልጆቹ ክንዳቸውን እያራገፉ፣ እየሳቁ፣ አንዳንዶቹ እያለቀሱ ሲያልፉ እሷ በር ላይ ቆማ ነበር። ከሷ ጋር እኩል ስሆን «ከቲንድራ ጋር ስታወሪ አይቼሻለሁ» አለች።

«ይቅርታ።»

«መድረክ ላይ አይወራም።» ከዚያ ቲንድራን አየት አድርጋ «ሐሙስ ይዘሻት ሂጂ» አለች።

በአርቲስቶች በር ስወጣ ጋሽ ሲክስተንና እትዬ ጉንቮር ብርዱ ላይ ቆመው እየጠበቁኝ ነበር። እትዬ ራንሂልድ ደረጃ መውጣት ስላልቻሉ አልመጡም።

«ተኝቶ ነበር» አሉ እትዬ ጉንቮር ሰላም ሳይሉኝ።

«አልተኛሁም። ዓይኔን ጨፍኜ ነው ያየሁት።»

«ያንኮራፋኸውስ?»

«ያ መጀመሪያው ክፍል ላይ ነው። እዚያ ላይ ዝም ብለው ነው የሚዘሉት።» ወደኔ ዞሩ። «ያ ጨርቅ ተይዞ እንደነበር ገብቶኛል። ገመዱ ከመዘውሩ ወጥቶ ነው። ቀስ ብለው ወደ ኋላ መመለስ ነበረባቸው፤ እነሱ ጎተቱት።» ጠጋ አሉኝና «አንቺ ግን አልጎተትሽም» አሉ። ትልቁን እጃቸውን ጀርባዬ ላይ አንድ ጊዜ አሳርፈው፣ እትዬ ጉንቮርን ክንድ ለክንድ ይዘው ሄዱ።

ወደ ቤቴ የምሄደው በጀልባ ነው፤ ወንዙን ለመሻገር አሥር ደቂቃ ይፈጃል። ማሞቂያው አጠገብ መስኮቱን ተደግፌ ተቀመጥኩ። ክንዶቼን ጭኔ ላይ አስቀመጥኳቸው። ውሃው ላይ ገና ብርሃን አለ፤ ግራጫና ሮዝ የሆነ፣ የትኛው ሰማይ የትኛው ወንዝ እንደሆነ የማይለይ። ዓይኔን ለትንሽ ብቻ ጨፈንኩ።

አንድ ሰው ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። ትኬት የሚያየው ሰውዬ ነው።

«እህቴ፣ አሁን ሦስተኛ ጊዜ ልንሻገር ነው። ቤት የለሽም እንዴ?»

«አለኝ» አልኩ። «በወዲያኛው በኩል።»

«የትኛው ነው ወዲያኛው?»

በመስኮቱ አየሁ። በሁለቱም በኩል መብራት እየበራ ነበር፤ የትኛው የኔ እንደሆነ ለመለየት ጊዜ ወሰደብኝ። ሰውየው ጠበቀኝ፤ ከዚያ «በይ ተኚ፤ ስንደርስ እቀሰቅስሻለሁ» ብሎ ወደ ኋላ ሄደ።